ከስህተት የተወለደ መመሪያ፤ የዣክ ኢቭ ኩስቶ ሕይወትና የውሃ ጠለቃ ስፖርት ጅማሮ

በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ሽሮ ሜዳ በአገር ባህል ልብስ ገበያዋና በሸማኔዎቿ ትታወቃለች። በጉለሌ ክፍለ ከተማ የምትገኘው ይህች ሰፈር ከባህር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ባህርና የባህር ሥር ዓለም የሚታሰቡባት ስፍራ አይደለችም። ሆኖም ነዋሪዎቿ በየዕለቱ የሚተነፍሱት አየር ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሰው ወደ ተራራ ሲወጣ የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ወደ ውሃ ሲጠልቅ ደግሞ ግፊቱ ይጨምራል። ሁለቱም በአንድ የተፈጥሮ ሕግ የሚመሩ ናቸው።

ሽሮ ሜዳን በሌላም በኩል ከዚህ ታሪክ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በሰፈሯ የሽመና ሙያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በጽሑፍ ሳይሆን በዓይንና በእጅ ነው። ልጁ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ ድሩና ማጉ እንዴት እንደሚገናኙ፣ መወርወሪያው እንዴት እንደሚወረወር እያየ ይማራል። ክር ቢበጠስ ይቀጠላል፤ ጥለቱ ቢዛባ ተፈትቶ እንደገና ይሠራል። በውሃ ሥር ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ዕድል የለም። በዚያ የሚፈጸም አንድ ስህተት ብዙውን ጊዜ አይታረምም። በመሆኑም የውሃ ጠለቃ ሙያ ከጅማሬው ስህተትን በጽሑፍ መዝግቦ ለሚቀጥለው ሰው ማስተላለፍን የግድ አድርጎታል።

የዚህ ሙያ ታሪክ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው የባህር ኃይል መኮንን ዣክ ኢቭ ኩስቶ ናቸው። ኩስቶ በዓለም ዘንድ በይበልጥ የሚታወቁት በፊልሞቻቸውና ካሊፕሶ በተሰኘችው መርከባቸው ነው። ይሁንና ከሥራዎቻቸው ሁሉ ብዙም ያልተነገረለት እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት የጠለቃ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ነው። የመጽሐፉን ደንቦች አስፈላጊነት ያረጋገጡት በራሳቸው አካልና በጓደኛቸው ሞት ነበር።

ኩስቶ እ.ኤ.አ ጁን 11 ቀን 1910 በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በቦርዶ ከተማ አቅራቢያ በምትገኘው ሴንት አንድሬ ደ ኩብዛክ ከተማ ተወለዱ። በልጅነታቸው ጤናቸው የተሟላ አልነበረም። ቤተሰባቸው ለተወሰነ ጊዜ በኒውዮርክ በኖረበት ወቅት በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ወደሚገኝ የበጋ ካምፕ ተልከው በዚያ በነበረ ሐይቅ ውስጥ የወደቁ ቅርንጫፎችን እየጠለቁ እንዲያወጡ ይደረጉ ነበር። ትንፋሻቸውን ይዘው በውሃ ሥር መቆየትን የተለማመዱትም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርታቸውን በመከታተል እ.ኤ.አ በ1930 የፈረንሳይ የባህር ኃይል አካዳሚን ተቀላቀሉ።

የወጣቱ መኮንን ፍላጎት የባህር ኃይል አውሮፕላን አብራሪ መሆን ነበር። ይሁን እንጂ በ1930ዎቹ አጋማሽ በደረሰባቸው ከባድ የመኪና አደጋ እጆቻቸው ተሰብረው የበረራ ሥልጠናቸው ተቋረጠ። ለማገገም እንዲረዳቸው በሜዲትራኒያን ባህር ዳርቻ በምትገኘው የቱሎን ወደብ መዋኘት ጀመሩ። እ.ኤ.አ በ1936 የሥራ ባልደረባቸው ፊሊፕ ታይዬ የውሃ መነጽር ሰጧቸው። ኩስቶ ፊታቸውን ወደ ባህሩ አስገብተው በመነጽሩ ሲመለከቱ ከዚያ በፊት እንደ ደበዘዘ ነገር ብቻ ይታያቸው የነበረው የባህር ሥር ዓለም በግልጽ ታያቸው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ የሕይወታቸው አቅጣጫ ተለወጠ።

በቀጣዩ ዓመት ሲሞን ሜልሺዮር ከተባሉ ወጣት ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ብዙም ሳይቆይ ፍሬደሪክ ዱማ የተባሉ የታወቁ ዓሣ አዳኝ ጠላቂ ከኩስቶና ከታይዬ ጋር ተቀላቀሉ። ሦስቱ ጓደኛሞች ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። በዚያን ዘመን ሰው በውሃ ሥር ለረጅም ጊዜ ለመቆየት ከባድ የብረት ቆብና የጎማ ልብስ ለብሶ፣ አየር ከላይ በቱቦ እየተላከለት፣ በባህሩ ወለል ላይ በዝግታ ከመራመድ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ሩኬሮልና ዴኔሩዝ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1860ዎቹ፣ ኢቭ ለፕሪየር የተባሉ መኮንን ደግሞ በ1920ዎቹ ያቀረቧቸው መሣሪያዎች ጠላቂውን ከቱቦ ነፃ ለማውጣት መንገድ ቢከፍቱም ችግሩን ሙሉ በሙሉ አልፈቱትም።

ኩስቶ በመጀመሪያ የሞከሩት ንጹሕ ኦክስጅን በመጠቀም የሚሠራ መሣሪያ ነበር። በወቅቱ የነበረው ግምት እስከ 14 ሜትር ያህል ጥልቀት ድረስ ኦክስጅን ጉዳት አያስከትልም የሚል ነበር። እ.ኤ.አ በ1939 በዚህ ግምት ተማምነው ሲጠልቁ በውሃው ውስጥ ሳሉ በድንገት ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ። ራሳቸውን ከመሳታቸው በፊት ክብደታቸውን በመጣላቸው ወደ ላይ ተንሳፈው ሊተርፉ ችለዋል። መሣሪያውን አሻሽለው ለሁለተኛ ጊዜ ቢሞክሩም ያው አደጋ ገጠማቸው። ኦክስጅን ለሕይወት አስፈላጊ ቢሆንም በከፍተኛ ግፊት ሲተነፈስ የነርቭ ሥርዓትን የሚያውክ መሆኑን በራሳቸው አካል ተረዱ። ይህ እውነታ በኋላ በጠለቃ መጻሕፍት ውስጥ ከሰፈሩት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ በ1942 መገባደጃ፣ ኩስቶ በፓሪስ ከኢንጂነር ኤሚል ጋኛን ጋር ተገናኙ። ጋኛን ኤር ሊኪድ በተባለው የጋዝ አምራች ኩባንያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ነዳጅ በመጥፋቱ መኪኖች በጋዝ እንዲንቀሳቀሱ ለማድረግ ለሞተሩ የሚፈልገውን ያህል ጋዝ ብቻ የሚለቅ መመጠኛ ሠርተው ነበር። ኩስቶ ያንን መመጠኛ ሲመለከቱ ለሞተር የሚያገለግለው መሣሪያ ለሰው ሳንባም ሊያገለግል እንደሚችል ተገነዘቡ። ጠላቂው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ መመጠኛው ይከፈታል፤ መሳቡን ሲያቆም ይዘጋል፤ የሚሰጠው አየር ግፊትም በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር እኩል ይሆናል።

የመጀመሪያው ሙከራ እ.ኤ.አ በ1943 መጀመሪያ ላይ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው የማርን ወንዝ ተካሄደ። መሣሪያው ኩስቶ አግድም ሲዋኙ በትክክል ቢሠራም ቀጥ ብለው ሲቆሙ አየሩ ያለማቋረጥ ይፈስ፣ ቁልቁል ሲዘቀዘቁ ደግሞ ለመተንፈስ ያስቸግር ነበር። ሁለቱ ሰዎች ጉዳዩን ሲመረምሩ ችግሩ አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ስፍራ በተለያየ የውሃ ጥልቀት ላይ መሆኑ እንደሆነ ደረሱበት። መውጫውን ከመግቢያው አጠገብ በማድረግም አስተካከሉት። በዚያው ዓመት ጁን ወር በደቡብ ፈረንሳይ ባንዶል በተባለች የባህር ዳርቻ ኩስቶ አዲሱን መሣሪያ ይዘው ጠለቁ። ባለቤታቸው ሲሞን ከላይ እየዋኙ ይከታተሏቸው ነበር። ኩስቶ እንደ ዓሣ ወደፈለጉበት አቅጣጫ ተንቀሳቅሰው በሰላም ወጡ። በኋላ አኳሉንግ በሚል የንግድ ስም የታወቀው መሣሪያ በዚህ ሁኔታ ተወለደ።

መሣሪያው የሰውን ልጅ ከቱቦና ከብረት ቆብ ነፃ አወጣ። ከዚህ ነፃነት ጋር ግን አደጋዎች ተከተሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ዱማ ከ60 ሜትር በላይ ሲጠልቁ የስካር ያህል የሚያደናግር ስሜት አደረባቸው። የስሜቱ ምክንያት በግፊት ወደ ሰውነት በብዛት የሚገባው ናይትሮጂን ነው። ጠላቂው ደስታ ስለሚሰማውና አደጋውን ስለማያስተውል ሁኔታውን ይበልጥ አስጊ ያደርገዋል። ዱማና ጓደኞቻቸው ይህንን የጥልቀት ስካር ብለው ሰየሙት።

ጦርነቱ ሲያበቃ፣ እ.ኤ.አ በ1945፣ የፈረንሳይ ባህር ኃይል በቱሎን የውሃ ሥር ምርምር ቡድን አቋቋመ። ታይዬ ቡድኑን ሲመሩ ኩስቶና ዱማ አባላት ሆኑ። ከመጀመሪያ ተግባሮቻቸው መካከል በጦርነቱ ጊዜ በባህሩ ውስጥ የተጠመዱ ፈንጂዎችን ማምከን ይገኝበታል። ቡድኑ ከዚህ ጎን ለጎን የሰው ልጅ በውሃ ሥር ምን ያህል እንደሚችልና የት ላይ ማቆም እንዳለበት ማጥናቱን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ በኦገስት ወር 1946 ኩስቶና ዱማ በደቡብ ፈረንሳይ ወደሚገኘው የቮክሉዝ ምንጭ ጠለቁ። ዓላማቸው በየዓመቱ በጸደይ ወቅት በኃይል የሚገነፍለውን የዚህን ምንጭ ምስጢር ማወቅ ነበር። ከዋሻው ውስጥ ሳሉ ሁለቱም ራሳቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ከላይ ጋር ያገናኛቸው የነበረውን የገመድ ምልክት በትክክል መስጠት እንኳ ተሳናቸው። ገመዱን የያዙት ሞሪስ ፋርግ አንድ ችግር መፈጠሩን ጠርጥረው ገመዱን በመሳባቸው ሁለቱ ጠላቂዎች በሕይወት ሊወጡ ቻሉ። ሌሎች ሁለት ባልደረቦች ሲጠልቁም ተመሳሳይ ሕመም ገጠማቸው። በሲሊንደሮቹ ውስጥ የቀረው አየር ሲመረመር የችግሩ ምንጭ ምንጩ ሳይሆን ኮምፕሬሰሩ ሆኖ ተገኘ። አየር የሚጨምቀው ሞተር የራሱን ጭስ መልሶ እየሳበ በሲሊንደሩ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አስገብቶ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ የሁለቱን ሰዎች ሕይወት ያዳኑት ፋርግ ከአንድ ዓመት በኋላ የቡድኑ የመጀመሪያ ሟች ሆኑ። እ.ኤ.አ በሴፕቴምበር ወር 1947 በቱሎን አካባቢ በተጨመቀ አየር ምን ያህል መጥለቅ እንደሚቻል ለማወቅ በተካሄደ ሙከራ ፋርግ 120 ሜትር ያህል ጠለቁ። በገመዱ ላይ በየጥልቀቱ በተንጠለጠሉ ሰሌዳዎች ላይ እየፈረሙ ነበር የወረዱት። በመካከል የሚልኩት ምልክት ተቋረጠ። ባልደረቦቻቸው ፈጥነው ስበው ቢያወጧቸውም አፋቸው ውስጥ የነበረው መተንፈሻ ወልቆ ተገኘ። ለረጅም ሰዓታት የተደረገላቸው እርዳታም ሕይወታቸውን ሊያተርፍ አልቻለም። ከታች ባለው ሰሌዳ ላይ ፊርማቸው ሰፍሮ ነበር። ኩስቶና ጓደኞቻቸው ከዚያ ወዲያ በተጨመቀ አየር ሊደረስበት የሚገባው የመጨረሻ ወሰን 90 ሜትር ያህል እንደሆነ ተቀበሉ።

የቡድኑ አባላት እነዚህን አደጋዎች ለመሸሸግ አልሞከሩም። እ.ኤ.አ በ1949 ታይዬ፣ ዱማ፣ ኩስቶ፣ አሊናና ዴቪላ በጋራ ያዘጋጁት የጠለቃ መጽሐፍ ታተመ። ይህ ሥራ ቱቦ በሌለው የአየር መሣሪያ ለሚጠልቁ ሰዎች ከተዘጋጁት የመጀመሪያ ማሠልጠኛ መጻሕፍት መካከል የሚመደብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1957 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአሜሪካ ታትሟል። በመጽሐፉ ውስጥ የግፊት ሕግ፣ የሰውነት አሠራር፣ የመሣሪያ አያያዝና የአደጋ መከላከያ ዘዴዎች ተካተዋል። የባህር ኃይል መኮንኖች በቱሎን ያካበቱት ልምድ በዚህ መንገድ ለማናቸውም አንባቢ ተዳረሰ።

የዚያን ዘመን የጠለቃ መጻሕፍት ቀድመው የሚያስተምሩት ደንብ ጠላቂው ትንፋሹን ፈጽሞ እንዳይዝ ነው። በባህር ወለል ላይ 12 ሊትር የሆነ አየር በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 6 ሊትር ይቀንሳል። አንድ ጠላቂ በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳንባውን በአየር ሞልቶ ትንፋሹን እንደያዘ ወደ ላይ ቢወጣ በሳንባው ውስጥ ያለው አየር በእጥፍ ለመስፋት ይገፋል፤ ሳንባውም ሊቀደድ ይችላል። ለዚህ አደጋ ጥልቅ ባህር አያስፈልግም፤ ተራ የመዋኛ ገንዳም ይበቃል። ስለሆነም ጀማሪው ከሁሉ አስቀድሞ እየተነፈሰ ቀስ ብሎ መውጣትን ይለማመድ ነበር።

ሁለተኛው ደንብ ከናይትሮጂን ጋር የተያያዘ ነው። በጥልቀት ወደ ደም የገባው ናይትሮጂን ጠላቂው ፈጥኖ ሲወጣ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆናል። አረፋውም መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል ወይም ይገድላል። ይህንን ለመከላከል በስኮትላንዳዊው ሳይንቲስት ጆን ስኮት ሃልዴን የሚመራ ቡድን በፍየሎች ላይ ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ እ.ኤ.አ በ1908 ጠላቂው በምን ያህል ጥልቀት ምን ያህል ደቂቃ ቆይቶ እንዴት መውጣት እንዳለበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አቅርቦ ነበር። የኋለኞቹ የጠለቃ መጻሕፍት ሠንጠረዦች የዚህ ሥራ ወራሾች ናቸው።

ሌሎቹ ደንቦች ቀላል ቢመስሉም ብዙ ሕይወት የተከፈለባቸው ናቸው። ማንም ብቻውን አይጥለቅ፤ ጓዱን ከዓይኑ አያርቅ፤ የእጅ ምልክቶችን ይወቅ፤ መነጽሩ ውስጥ የገባን ውሃ በአፍንጫው አየር ማስወጣት ይቻል። በዚያን ጊዜ የነበሩት ባለ ሁለት ቱቦ መሣሪያዎች አብዛኞቹ የቀረውን አየር መጠን የሚያሳይ መለኪያ አልነበራቸውም። ጠላቂው አየር መሳብ ሲከብደው ከሲሊንደሩ ጎን ያለውን ዘንግ ስቦ መጠባበቂያውን አየር በመክፈት ወዲያውኑ መውጣት ነበረበት። ሠልጣኞች በገንዳ ወለል ላይ መሣሪያቸውን ሙሉ በሙሉ አውልቀው ከወጡ በኋላ ተመልሰው ጠልቀው እንዲለብሱ ይፈተኑ ነበር።

መሣሪያው እ.ኤ.አ በ1946 ለገበያ ቀርቦ በፍጥነት ሲስፋፋ ሥልጠናው ግን እኩል አልተራመደም። በአሜሪካ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማንኛውም ሰው መሣሪያውን ከስፖርት ዕቃ መደብር ገዝቶ ያለ ምንም ትምህርት ወደ ባህር ሊገባ ይችል ነበር። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ውቅያኖስ ጥናት ተቋም ባልደረባ የነበሩት ኮንራድ ሊምባው ለተቋሙ ተመራማሪዎች የጠለቃ ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። የሎስ አንጀለስ አውራጃ አስተዳደርም ከዚህ ተሞክሮ በመነሳት እ.ኤ.አ በ1954 ለሕዝብ አሠልጣኞች የምስክር ወረቀት የሚሰጥበትን ፕሮግራም አቋቋመ። በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1953 የተመሠረተው የጠላቂዎች ክበብም አባላቱን በደረጃ ከፋፍሎ ማሠልጠን ቀጠለ። እ.ኤ.አ በ1959 በሞናኮ የዓለም የውሃ ሥር እንቅስቃሴዎች ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኩስቶ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

ደንብን ማወቅ ብቻውን ሕይወትን እንደማያስጥል የሊምባው ፍጻሜ ያሳያል። ብዙዎችን ያሠለጠኑት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ በማርች ወር 1960 በደቡብ ፈረንሳይ ፖር ሚዩ በተባለ የውሃ ሥር ዋሻ ውስጥ መውጫው ጠፍቷቸው ሕይወታቸው አለፈ። ወደ ዋሻ የሚጠልቅ ሰው እስከ መውጫው የሚመራው ገመድ ሳይዘረጋ መግባት እንደሌለበት ዛሬ በዋሻ ጠለቃ ሥልጠና ቀዳሚ ትምህርት ነው።

ኩስቶ እ.ኤ.አ በ1950 ለፈንጂ ጠረጋ የተሠራችውንና በኋላ በማልታ በጀልባ ማመላለሻነት ታገለግል የነበረችውን ካሊፕሶን አገኙ። መርከቧን የገዙላቸው እንግሊዛዊ ባለሀብት በዓመት አንድ ፍራንክ በሚከፈል ኪራይ እንዲጠቀሙባት አደረጉ። የካሊፕሶ የመጀመሪያ ትልቅ ጉዞ እ.ኤ.አ በ1951 ወደ ቀይ ባህር ነበር። በዚያው አካባቢ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተቀላቀለችበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ ከ1952 እስከ 1953 በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን ቡድን በምጽዋ ፊት ለፊት በሚገኙት የዳህላክ ደሴቶች ለወራት ጠልቋል። ከጉዞው የተገኘው የፎልኮ ኩዊሊቺ ፊልምም እ.ኤ.አ በ1954 ለዕይታ በቅቷል። ይህ ስፖርት ገና በጨቅላ ዕድሜው ሳለ ኢትዮጵያ በወቅቱ በምትዋሰነው ባህር ውስጥ ተሞክሮ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኩስቶ ከዱማ ጋር የጻፉት የዝምታው ዓለም የተሰኘው መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1953 ታተመ። ከሉዊ ማል ጋር የሠሩት ተመሳሳይ ስም ያለው ፊልም ደግሞ እ.ኤ.አ በ1956 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመትም የኦስካር ሽልማትን አገኘ። ይሁን እንጂ ፊልሙ ዛሬ ሲታይ የሚያሳፍሩ ትዕይንቶች አሉት። ዓሣዎችን ለመቁጠር በኮራል ላይ ድማሚት ሲፈነዳ፣ የመርከቧ ሠራተኞችም ሻርኮችን ሲገድሉ ይታያል። ተመራማሪዎች ይህን ድርጊት በብርቱ ተችተውታል።

በቀጣዮቹ ዓመታት ኩስቶ ይህን አመለካከታቸውን ቀየሩ። እ.ኤ.አ በ1960 የኑክሌር ቆሻሻ በሜዲትራኒያን ባህር እንዲጣል የታቀደውን ሐሳብ በይፋ ተቃወሙ፤ ዕቅዱም ተሰረዘ። እ.ኤ.አ በ1963 በሱዳን ጠረፍ ሻዕብ ሩሚ በተባለ ስፍራ፣ በቀይ ባህር ሥር በተሠራ ቤት ውስጥ ሰዎች ለአንድ ወር ያህል እንዲኖሩ አደረጉ። ከ1968 ጀምሮ ለዓመታት የተላለፈው የቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልማቸው ባህርን አይተው ለማያውቁ ሚሊዮኖች የባህርን ሕይወት አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ በ1973 በስማቸው የተጠራውን የባህር ጥበቃ ማኅበር መሠረቱ። በአንድ ወቅት በድማሚት ዓሣ የሰበሰቡት ሰው በአንታርክቲካ የማዕድን ቁፋሮ እንዳይካሄድ በተደረገው ዘመቻ ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ሆኑ።

የግል ሕይወታቸው ግን ከሐዘን የራቀ አልነበረም። በሥራቸው የቅርብ ረዳታቸው የነበረው ልጃቸው ፊሊፕ እ.ኤ.አ በ1979 በሊዝበን አቅራቢያ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በካሊፕሶ ላይ ብዙ ዓመታት የኖሩት ባለቤታቸው ሲሞንም እ.ኤ.አ በ1990 አረፉ። በጃንዋሪ ወር 1996 ካሊፕሶ በሲንጋፖር ወደብ በሌላ መርከብ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶ እ.ኤ.አ ጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመታቸው በፓሪስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተው በተወለዱባት ከተማ ተቀበሩ።

ከእርሳቸው ሥራ የመነጨው ሙያ በባህር ዳርቻ አገሮች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ኢትዮጵያ ዛሬ የባህር በር ባይኖራትም ሐይቆች፣ ግድቦችና ወንዞች አሏት፤ እ.ኤ.አ ከ2018 ወዲህም ባህር ኃይሏን እንደገና በማደራጀት ላይ ናት። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች በወንዝ፣ በኩሬና በውሃ ጉድጓድ ለሚደርሱ አደጋዎች ይሰማራሉ። በክረምት ከእንጦጦ የሚወርዱ ጅረቶች በሚሞሉበት ወቅት የእነዚህ ባለሙያዎች አገልግሎት በይበልጥ ይፈለጋል። ብዙውን ጊዜ የሚጠልቁት ኩስቶ በጠለቁበት ጥርት ያለ ባህር ሳይሆን እጅ በማይታይበት ድፍርስ ውሃ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የሽሮ ሜዳ ከፍታ ዳግም ይነሳል። የቀድሞዎቹ የጠለቃ መጻሕፍት ሠንጠረዦች የተሰሉት ለባህር ጠለል ነው። በባህር ላይ ግፊት በእጥፍ የሚጨምረው በ10 ሜትር ጥልቀት ሲሆን፣ በሽሮ ሜዳ ከፍታ በሚገኝ ግድብ ወይም ሐይቅ ግን በ7 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በመሆኑም በዚህ ከፍታ 15 ሜትር የሚጠልቅ ሰው በሠንጠረዡ ላይ መመልከት ያለበት የ20 ሜትሩን መስመር ነው። በጅቡቲ ዳርቻ ጠልቆ በዚያው ዕለት ወደ አዲስ አበባ የሚሳፈር ሰውም በሰውነቱ ውስጥ የቀረው ናይትሮጂን አረፋ ሊሆንበት ይችላል። አሠልጣኝ ድርጅቶች ዛሬ ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ጠለቃ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራሉ። ከሌላ ስፍራ የመጣ መመሪያ ትክክል ቢሆንም እንኳ ለአካባቢው ሁኔታ ካልተስተካከለ አደጋ እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ የለም።

መመሪያዎቹ ከጊዜ ጋር ሲሻሻሉ መጥተዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ጠላቂው በደቂቃ 18 ሜትር ያህል እንዲወጣ ይፈቀድ ነበር። የበለጠ ጥናት ሲደረግ ብዙ አሠልጣኝ ድርጅቶች ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሰው በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ3 ደቂቃ መቆየትን ጨምረዋል። የመዝናኛ ጠለቃ ወሰንም ለሠለጠነ ሰው 40 ሜትር ሆኗል፤ ይህም ፋርግ ሕይወታቸውን ካጡበት ጥልቀት አንድ ሦስተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት ዛሬ በአብዛኛው ለታሪክ የሚነበቡ ቢሆኑም ደንቦቻቸው በአዲሶቹ መጻሕፍት ውስጥ ተሻሽለው ይኖራሉ።

የኩስቶ ስም ከመሣሪያ ፈጠራና ከፊልም ጋር ተያይዞ ይኖራል። ሆኖም በቮክሉዝ ዋሻ የደረሰው ስህተት ምክንያቱ ተመርምሮ ባይጻፍ ኖሮ ሌላ ጠላቂ በተበከለ አየር በሞተ ነበር። ፋርግ የፈረሙበት ሰሌዳ ውጤት ተሰውሮ ቢቀር ኖሮ ሌላ ሰው ከዚያ ዝቅ ብሎ ለመፈረም በሞከረ ነበር። በመመሪያ ላይ የሰፈረ አጭር ደንብ ከጀርባው የአንድ ሰው ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ማወቅ መመሪያ ለሚያወጣም ሆነ ለሚያስፈጽም ሁሉ ኃላፊነቱን ያከብድበታል። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው የተበጠሰውን ክር ይቀጥላል፤ በውሃ ሥር የተበጠሰ ሕይወት ግን የሚቀጠል ባለመሆኑ የሚቀረው ብቸኛ ነገር የተማረውን በታማኝነት ጽፎ ለተከታዩ ማስረከብ ነው።